ማንም ያላነበበው ገቢር

ሁለተኛውን ገቢር ማንም አላነበበም። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ጣጣ ነው።

ተውኔቱ ባለ አምስት ገቢር ነው። በእንግሊዝ አገር አንዲት ንግሥት ዙፋን ላይ ሳለች የተጻፈ፣ ፍቅርና አስማት የተቀላቀሉበት ኮሜዲ። ቋንቋው አራት መቶ ዓመት የከረመ ስለሆነ አንዱን ገጽ ለመረዳት ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የቃላት ፍቺ እየደጋገሙ ማገላበጥ ይጠይቃል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው፤ እንደ ዳቦ ቆርሰው ይካፈሉታል። ከዚያ አንድ ባዶ ክፍል ፈልገው ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ የደረሰውን ቁራሽ ይተርካል፣ ሌላው ይጽፋል፣ በመጨረሻም ሁሉም ደረቱን ነፍቶ "አንብቤዋለሁ" ይላል።

ይህን ቡድን የምትመራው ቶሎ ነበረች። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። "እናታችን ሐኪም ቤት እስክትደርስ እንኳ አልታገሠችም፤ ታክሲ ውስጥ ነው ዱብ ያለችው" ትላለች እህትየው ለመጣ ለሄደው ሁሉ። ቶሎ ሰው ሲያወራ የዐረፍተ ነገሩን ጭራ ራሷ ትጨርሳለች። ፊልም ስታይ መሐሉን እያሳለፈች ነው። ደረጃ ስትወርድ የመጨረሻዎቹን ትዘላለች። ግን ሰነፍ አይደለችም፤ እንዲያውም ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የምትፈራው እሷ ናት፣ ስትከራከር አታስተርፍምና።

ያን ሰሞን ደግሞ የምትቸኩልበት በቂ ምክንያት ነበራት። ትምህርት ክፍሉ ከተመራቂዎቹ መካከል አንድ ረዳት መምህር ሊወስድ ነው። መራጯ ተውኔት የሚያስተምሩት መምህርት ናቸው፤ የሚመርጡትም የተማሪዎቹን ገለጻ ሰምተው ነው። ቶሎ ቦታውን የፈለገችው ዝም ብላ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ዝግ ያሉ መምህራንን ስትሰማ "እኔ ብሆን ይህን በግማሽ ሰዓት እጨርሰው ነበር" እያለች ተንገብግባለች። በዚያ ላይ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ "ሥራ ካላገኘሽ ከእኔ ጋር ቁልፍ ትተክያለሽ" ብላታለች። ቶሎ ቁልፍ ስትተክል ጣቷንም አብራ ነው የምትሰፋው።

"የመጀመሪያው ገቢር ይኸውላችሁ" አለች ባዶው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ተቀምጣ። "አንድ ወጣት የነጋዴ ልጅ ይወዳል። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ 'ዓይኔ ሌላ ሴት ላይ ካረፈ ይጥፋ' ብሎ ይምላል። አባትየው እምቢ ይላል። ሊጠፉ ይቀጣጠራሉ፤ የልጅቷ ጓደኛም አብራ ትሄዳለች። አለቀ። ቀጥል፣ ሙሽራው።"

ሙሽራው እንዲህ የተባለው አግብቶ አይደለም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ለፈተናም ቢሆን እንደ ሠርግ ለብሶ የሚመጣ ልጅ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ሁለተኛው ገቢር እንግዲህ... የሚጀምረው ማታ ነው።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ረጅም ነው።"

"ምን ሆነ በለኝ እንጂ ርዝመቱን ማን ጠየቀህ?"

ሙሽራው ከስንፍና ይልቅ አሳዛኝነት በሚያይልበት ዓይን አያት። ቶሎ ግን ሰዓቷን እያየች ነበር።

"በቃ ተወው። ሁለተኛ ገቢር ሁልጊዜ ድልድይ ነው። ድልድይ ላይ ማንም ቤት አይሠራም። እንለፈው፤ ያለፈውን ከሦስተኛው እንረዳዋለን።"

የሙሽራው ፊት ፈተና እንደተሰረዘለት ሰው በራ። "እውነትሽን ነው" አለ። "ድልድይ ነው።"

"ድልድይ ነው" ብላ ጻፈች እሺታ። እሺታ የቡድኑ ሦስተኛ ናት፤ የነገሯትን ሁሉ እሺ ስለምትል ስሙ ከወጣላት ቀን ጀምሮ የሙጥኝ ብሏት ቀርቷል።

ሦስተኛው ገቢር እንደገና የቶሎ ነበር። "ጉድ ስሙ! ያ አጥር ላይ ሲምል የነበረው ሰውዬ አሁን ጓደኛዋን እያሳደደ ነው። የመጀመሪያዋን ዞር ብሎም አያያት። 'ከዚያ ጽዋ ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ' ይላል።"

"የምን ጽዋ?" አለች እሺታ።

"ተምሳሌት ነዋ! ጽዋ ያሰክራል፤ አዲስ ሴትም ታሰክራለች።"

"እሺ" አለች እሺታና ጻፈች። ከዚያ የራሷን ድርሻ አቀረበች። "በአራተኛው ገቢር ሁሉም ይጣላሉ። በአምስተኛው አንድ ሽማግሌ ጠንቋይ ይመጣና ግጥም ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ይጋባሉ።"

"ጠንቋይ ከየት መጣ ደግሞ?"

"እኔንጃ። የሚያውቁት ይመስላሉ።"

ቶሎ ለአፍታ አሰበች። ለእሷ አፍታም ብዙ ነው። "የሠርጉ አጋፋሪ መሆን አለበት" ስትል ፈረደች። "ጠንቋይ የሚሉት ለቀልድ ነው።"

ሙሽራው አደጋው እንዳለፈ አይቶ ደፈር አለ። "ግን ኮሜዲው አስማት ያለበት ነው አልተባለም?"

"አስማቱ ፍቅሩ ነዋ፣ አንተ ደግሞ!"

እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብቻ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ሌላ ሰው ጽዋ ሲያይ ጽዋ ነው ይላል። አራት ዓመት ተምሳሌት ሲያድን የኖረ ሰው ግን ዝናብ ቢመታውም ከመጠለሉ በፊት "ምንን ይወክላል?" ብሎ ይጠይቃል። ቶሎ በዚህ ዓይነት የማይነቃነቅ ገለጻ አዘጋጀች። ርዕሱ "የወንድ ልጅ መሐላ ዕድሜ" ነበር።

ከገለጻው በፊት በነበረው ምሽት እህቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠቻት። የቤታቸው የፊት ክፍል ግማሹ ቤት ግማሹ መስፊያ ነው፤ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የሰው ሱሪ ማንሳት ያስፈልጋል። እህትየው ከንፈሯ መሐል መርፌ ቁልፎች ሰክታ ስለነበር መጀመሪያ በዓይኗ ብቻ ነበር የምትስቀው። ወጣቱ ጓደኛዪቱን ማሳደድ የጀመረበት ቦታ ላይ ግን መርፌዎቹን አውጥታ ጮኸች።

"የኔ ሰውዬ ነዋ!"

የእሷ ሰውዬ ቀለበት ካሰረላት በኋላ ለሠርጓ ስትረዳት የነበረችውን ጓደኛዋን ይዞ የሄደው ነው። ሄዶም አልቀረ፤ የሠርጉን ሱሪ እንድታሳጥርለት ሰው ልኮ ነበር። አሳጠረችው። በጣም አሳጠረችው።

"ዝም ብሎ ነው የተለወጠው?" አለች አሁን። "ምንም ሳይሆን?"

"ምንም ሳይሆን።"

"አወቅሽ? እንዲሁ ናቸው። ማን ነው የጻፈው?"

"ከሞተ አራት መቶ ዓመት አልፎታል።"

"ታዲያ የእኔን ከየት ሰማ?" ብላ እህቷ መኪናዋን እንደገና ረገጠች። "ሂጂ ንገሪያቸው። እንዳትፈሪ።"

ቶሎ መፍራት የሚባል ነገር ጊዜ ይፈጃል ብላ የተወችው ገና ልጅ ሳለች ነው። በማግሥቱ ጠዋት ክፍሉ ፊት ቆማ እንደ ጅረት ፈሰሰች። ተማሪው ሳቀ፣ አንዳንዷ አጨበጨበች፣ ወንዶቹ አጉረመረሙ። መምህርቷ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጭር፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ ቦርሳቸው ከረሜላ የማይጠፋበት ሴት ናቸው። ገለጻ ሲሰለቻቸው አንድ ከረሜላ አውጥተው ልጣጩን ሲያንኮሻኩሹ ተማሪው ያልቅለታል። ዛሬ ግን አንድም አላወጡም። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው በትልልቅ ዓይን ያዩዋታል። ቶሎም ቦታውን ያገኘሁት አሁን ነው አለች በልቧ።

"በጣም ጥሩ" አሉ መምህርቷ ስትጨርስ። "በዚህ ተውኔት ላይ ያልሰማሁት ነገር የለም ብዬ ነበር። እንዲህ ያለውን ግን ሰምቼ አላውቅም።"

"አመሰግናለሁ፣ ቲቸር።"

"አንዲት ጥያቄ ብቻ። ጽዋውን ለወጣቱ የሰጠው ማን ነው?"

"የቱን ጽዋ?"

"የጠጣውን።"

"ጽዋው ተምሳሌት ነው፣ ቲቸር።"

"ከብር የተሠራ ነው" አሉ መምህርቷ በለሆሳስ። "ክዳንም አለው። በሁለተኛው ገቢር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተመልካቹ በሳቅ ይንፈራፈራል። ጠንቋዩስ? ጠንቋዩን ምን አደረግሽው?"

"አጋፋሪውን ማለትዎ ነው?"

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። "አጋፋሪ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ አንዷ እንባዋን ትጠርጋለች። ቶሎ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ ቆመች።

ከወደ መሐል ሙሽራው ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቲቸር። ሁለተኛው ገቢር የኔ ድርሻ ነበር። አላነበብኩትም።"

"አላነበብከውም?" አለች ቶሎ ዞራ።

"ልነግርሽ አፌን ስከፍት እንለፈው አልሽ።"

"አላነበብኩም ብትለኝ እንለፈው እል ነበር? ሰውዬ፣ 'የሚጀምረው ማታ ነው' አላልክም?"

"እሱማ እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር አይቻለሁ።"

"እኔ ጽፌዋለሁ" አለች እሺታ ለመርዳት ብላ፣ ወረቀቷን እያነሳች። "'ድልድይ ነው' ይላል።"

ክፍሉ ድጋሚ ፈረሰ። መምህርቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። "አንተ፣ ሁለተኛውን ገቢር በቃልህ አጥንተህ ሳምንት ለክፍሉ ታሰማለህ" አሉት ሙሽራውን። ወደ ቶሎ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የረዳት መምህሩን ስም ዛሬ ከሰዓት አስገባለሁ። ያንቺን ስም ነበር የያዝኩት።"

"ነበር" የምትለዋ ቃል ቶሎን ከሳቁ ሁሉ በላይ ወጋቻት።

"ከምሳ በኋላ ቢሮዬ ነይ። አንብበሽ። ሰው ነግሮሽ አይደለም፤ አንብበሽ።"

ምሳ አልበላችም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያውን ገጽ በንዴት አነበበች፤ ምንም አልገባትም። እንደገና አነበበች፤ ያው ነው። ይህኔ የተወለወለ ጫማ ዓይኗ ሥር ቆመ።

"ዳቦና ይቅርታ ይዤ መጣሁ" አለ ሙሽራው።

"ዳቦውን አስቀምጠህ ሂድ።"

"ልርዳሽ።"

"በምን? በማንበብ?"

ሙሽራው መሐረቡን ደረጃው ላይ አንጥፎ ተቀመጠ። የራሱን መጽሐፍ ከጀርባው ገለጠና እሷ የማይገባት ቃል ላይ ስትደርስ ፍቺውን ያነብላት ጀመር። አካሄዱ እንደ ኤሊ ነበር፤ ግን ሄደ። የምትጨቃጨቀውን ሚስቱን መውደድ ላቃተው ሽማግሌ መኮንን ጠንቋዩ መድኃኒት በጽዋ ያዘጋጃል፤ ጽዋውን የጠጣ ሰው ጽዋውን ያቀበለችውን ሴት ይወዳል። መኮንኑ መርዝ ነው ብሎ ይፈራና መጀመሪያ አሽከሩ እንዲቀምሰው ያደርጋል። ጽዋውን ያቀበለችው የመኮንኑ ሚስት ናት። አሽከሩ ይንበረከካል። ቶሎ ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች፣ የዳቦ ፍርፋሪ ከአፏ በረረ።

"ይሄ ነገር ያስቃል እንዴ!"

"ኮሜዲ ነዋ" አለ ሙሽራው ፍርፋሪውን ከኮቱ ላይ እያራገፈ።

ከዚያ ሸሽተው የመጡት ወጣቶች ደረሱ። ወጣቱ ውሃ ጠምቶታል። ጠንቋዩ ስለ ጽዋው ነገረው። ወጣቱ ሳቀ። ፍቅረኛው "ተው" አለችው። ጓደኛዋ ለቀልድ ጽዋውን አንሥታ ዘረጋችለት፤ ፍቅረኛው ደግማ "ተው" አለች። ጠጣ። ቶሎ ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀመጠች። ወደ ኋላ ተመልሳ ያንን ገጽ እንደገና ከላይ ጀመረችው።

"እና ገለጻሽ ፈረሰ ማለት ነው?" አለ ሙሽራው።

"ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው።"

የመምህርቷ ቢሮ ጠባብ ነው፤ መጽሐፉ ከወለል እስከ መስኮቱ ደፍ ተከምሮ ለሰው የቀረው ቦታ አንድ ወንበርና አንድ መቆሚያ ነው። መምህርቷ ወንበሩ ላይ፣ ቶሎ መቆሚያው ላይ ሆኑ። ጠረጴዛው ላይ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሚላከው ወረቀት ተዘርግቷል፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

"እህሳ፣ ጽዋውን ማን ሰጠው?"

"ጓደኛዋ። ጠንቋዩም ጠንቋይ ነው። አስማቱም አስማት ነው። ተምሳሌት ነው ያልኩት ጅልነት ነበር፣ ቲቸር።"

"ጎሽ።" መምህርቷ እስክሪብቶ አነሡ። "የዚህ ኮሜዲ ውበት እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ። ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ወጣቱ አልከዳትም፤ ጽዋው ነው። ስለዚህም ነው መጨረሻ ላይ ሁላችንም ሳንቀየም የምንስቅላቸው። ይህን ለተማሪ ሳስተምር ጸጉሬ ነጥቷል። አሁን ገባሽ አይደል?"

ቶሎ ማለት የሚጠበቅባት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እሺታ በቀን ሺህ ጊዜ የምትላት ቃል። የእስክሪብቶው ጫፍ ባዶው ቦታ ላይ ደርሷል። ቶሎ የእህቷ የልብስ ቁልፎች በጣሳ ውስጥ ሲንቃጨሉ የሰማች መሰላት።

"አይ" አለች።

"አይ?"

"ተነግሮታል፣ ቲቸር። የሰጠችህን ትወዳለህ ተብሎ በግልጽ ተነግሮታል። እየሳቀ ጠጣ።"

"ስላላመነ ነዋ! ማን ያምናል?"

"እሱ ባያምንም ፍቅረኛው ፈርታለች። 'ተው' ብላዋለች፤ ሁለቴ ብላዋለች። የእሷ ፍርሃት አንድ ጉንጭ ለማስቀረት አይበቃም ነበር? ከጠጣ በኋላ ያደረገው የጽዋው ነው፣ ይሁን። ጽዋውን ያነሣው ግን የራሱ እጅ ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ወደሽ ታውቂያለሽ?"

"ጊዜ አላገኘሁም።"

መምህርቷ ሳቃቸውን ለመደበቅ ከረሜላ ፈለጉ። ቶሎ የልጣጩን ድምፅ ስትሰማ ልቧ ወረደ፤ ሰልችቷቸዋል ማለት ነው። እሳቸው ግን ልጣጩን ጀምረው ተዉትና ከክምሩ ውስጥ አንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ መዘዙ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ገጹን ገለጡ፤ መልሰው ገለጡ።

"ሁለተኛውን 'ተው' ተዋንያኑ ሁልጊዜ ይቆርጡታል" አሉ በመጨረሻ። "ሳቁን ያቀዘቅዛል ብለው።"

"ያቀዘቅዛላ። ለዚያ ነው የተጻፈው።"

"ተሳስተሻል።"

"እሺ፣ የቱ ጋ?"

"እሱን አስቤ እነግርሻለሁ" አሉ መምህርቷ፤ እንዲህ ሲሉ የሰማቸው ተማሪ የለም። እስክሪብቶውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱት። ወረቀቱ ላይ ስሙ ገና አልተጻፈም። "ተከተይኝ።"

ወረቀቱን ይዘው ወጡ። ኮሪደሩን አልፈው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚንጫጩበት ክፍል ገቡ። ተማሪው ተነሣ፣ ተቀመጠ። መምህርቷ ቶሎን ወደ ሰሌዳው ገፋ አደረጓትና ጠመኔ እጇ ላይ አኖሩ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ ስሟን ጻፉበት። የመዝገብ ስሟ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ወሰደ።

"ይህች አዲሷ ረዳት መምህራችሁ ናት" አሉ። "ስለ ጽዋው ትነግራችኋለች። የምትላችሁን በደንብ ጻፉ፤ ነገ መጥቼ አንድ በአንድ አፈርሰዋለሁ።"

"ነገ እኔም እኖራለሁ፣ ቲቸር" አለች ቶሎ።

"እንድትኖሪ ነው የጻፍኩሽ" አሉ መምህርቷ። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።